ናሙና ያልወሰደ ተቆጣጣሪ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያተኩረው በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሚገኙ የግብርና መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አለው፤ በአወቃቀር ከእኛ የክልል ግብርና ቢሮዎች ጋር በመጠኑ ይመሳሰላሉ። አብዛኛው ሸማች ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ነገር ግን እዚያ የሚኖረው ወገናችን ከሱቅ የሚገዛው ወተት፣ እንቁላልና የታሸገ ምግብ በብዙ ግዛቶች ውስጥ በእነሱ ቁጥጥር ሥር ነው። ሚኒሶታ ውስጥ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች ማከፋፈል የሚፈልግ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው የግዛቱን የግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ ምግብ ቤት ለመክፈት ካሰበ ግን በአብዛኛው ጉዳዩ የጤና መሥሪያ ቤት ይሆናል። እርሻን የሚያለማው መሥሪያ ቤት ምግብንም ይቆጣጠር ዘንድ መፈቀዱ ተገቢ ነው ወይ? ዛሬ የምንመረምረው ይህንን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ማስረጃውን ከአንድ የታወቀ ጉዳይ እንጀምር። በ2008 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ የተለያዩ ግዛቶች ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባለው ባክቴሪያ መታመም ጀመሩ። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ሕፃናትና አረጋውያንን ይበልጥ ያጠቃል። በየግዛቱ ያሉ ላቦራቶሪዎች ከታማሚዎች የተገኘውን ባክቴሪያ የዘር አሻራ ሲያነጻጽሩ ተመሳሳይ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ምንጩ አንድ ነው፤ ግን የትኛው ምግብ እንደሆነ አልታወቀም። ፍንጩ የመጣው ከሚኒሶታ ነው። የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ታማሚዎችን በስልክ እያገኘ፣ በቀደሙት ቀናት ምን እንደበሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ለዚህ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር ያሰልፋል። መልሶቹ ሲጠራቀሙ፣ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በአረጋውያን መጦሪያዎችና በመሰል ተቋማት የሚመገቡ መሆናቸው ታየ። ተቋማቱንም የሚያገናኛቸው በትልልቅ ዕቃ ታሽጎ የሚቀርብላቸው አንድ ዓይነት የኦቾሎኒ ቅቤ ነበር። በጃንዋሪ 2009 የግብርና መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ተከፍቶ አገልግሎት ላይ ከነበረ ባለ 5 ፓውንድ ዕቃ ናሙና መረመረ፤ ያንኑ ባክቴሪያ አገኘ። ተጠራጣሪ ሰው ግን «ዕቃው ተከፍቶ ስለነበር ወጥ ቤት ውስጥ ተበክሎ ሊሆን ይችላል» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄውን የዘጋችው ኮኔቲከት ናት፤ እዚያ ገና ካልተከፈተ ዕቃ ላይ ያው ባክቴሪያ ተገኘ። ብክለቱ ከፋብሪካው ነበር።

ፋብሪካው የሚገኘው በጆርጂያ ግዛት፣ ብሌክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ባለቤቱ ፒነት ኮርፖሬሽን ኦቭ አሜሪካ የሚባል ኩባንያ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ከቁጥጥር ዓይን የተሰወረ አልነበረም። የጆርጂያ የግብርና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች፣ ለፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በውል የሚሠሩትን ጨምሮ፣ በ2007 እና በ2008 ደጋግመው ገብተዋል። በኦክቶበር 2008 በሄዱበት ጊዜ የመዘገቡት ጥቃቅን ጉድለቶችን ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ግን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ታመው ነበር። ተቆጣጣሪው ፋብሪካው ውስጥ ቆሞ ቅጹን ሲሞላ፣ ምርቱ ሰው ማሳመም ጀምሯል ማለት ነው። በሽታው ከታወቀ በኋላ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች የኩባንያውን የላቦራቶሪ መዝገብ ጠየቁ። መዝገቡን ለማግኘት የተጠቀሙበት ሥልጣን ከ2002 የባዮሽብር መከላከያ ሕግ የመነጨ መሆኑ በራሱ ብዙ ይናገራል፤ በተለመደው ቁጥጥር ኩባንያው እንዲህ ያለውን መዝገብ እንዲያሳይ አይገደድም ነበርና። መዝገቡ ሲገለጥ፣ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ 12 ጊዜ ያህል የራሱ የኩባንያው ምርመራ ሳልሞኔላ አግኝቷል፤ ምርቱ ግን ወደ ገበያ ወጥቷል። ኦቾሎኒ ሲቆላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ ከተቆላ በኋላ እርጥበት ወይም ጥሬ ኦቾሎኒ ከነካው ግን እንደገና ይበከላል፤ በቅባታማና በደረቅ ምግብ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ውጤቱ በ46 ግዛቶች 714 የተመዘገቡ ታማሚዎችና 9 ሟቾች ሆነ። ያ የኦቾሎኒ ቅቤና ዱቄት በብስኩት፣ በአይስክሬምና በከረሜላ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ከ3,900 በላይ የምርት ዓይነቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። የኩባንያው ኃላፊ ስቱዋርት ፓርኔል በ2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት የግብርና መሥሪያ ቤቶች አሉ። የጆርጂያው በ1874 የተቋቋመ፣ በአሜሪካ ከግዛት የግብርና መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ቀዳሚ ነው። የሚኒሶታው መነሻ በ1885 የተቋቋመው የወተት ጉዳይ ኮሚሽነር ነው። ሁለቱም ገበሬን ይረዳሉ፣ ሁለቱም ምግብን ይቆጣጠራሉ፤ አንደኛው ምንጩን አገኘ፣ ሌላኛው በምንጩ ደጃፍ ላይ እየተመላለሰ አላየውም። ስለዚህ ክርክሩ «ግብርና ይቆጣጠር ወይስ ጤና ይቆጣጠር?» በሚለው ላይ ብቻ ቢቆም ዋናው ነገር ያመልጠናል ብዬ አምናለሁ። የሚኒሶታ ባለሙያዎች ናሙና ወስደው ለኩ። የጆርጂያዎቹ ጣሪያውንና ወለሉን አዩ፤ ምርቱ ውስጥ ያለውን ግን በዚያ ወቅት አልለኩም፤ ኩባንያው የለካውንም የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሳልሞኔላ በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫ አይሸትም። ዓይን ብቻ ይዞ የሚገባ ተቆጣጣሪ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሊያይ ከማይችለው ነገር ሊጠብቀን አይችልም። የግብርና መሥሪያ ቤት ለምግብ ደኅንነት የሚኖረው ዋጋ የሚለካው ከእርሻው እስከ ፋብሪካው ድረስ የመለካት አቅምና የሌላውን ልኬት የማወቅ መብት ሲኖረው ነው። ጆርጂያም ይህንን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። በሜይ 2009 የጸደቀው የግዛቱ ሕግ፣ አንድ የምግብ አምራች በምርመራው ጎጂ ብክለት ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅ አስገድዷል። እኔ ከፍርዱ ይልቅ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ አንቀጽ ነው፤ ፍርዱ ሰዎች ከሞቱ ከ6 ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ የ24 ሰዓቱ ግዴታ ግን ምርቱ መኪና ላይ ሳይጫን ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ መለካት ዋናው ነገር ከሆነ፣ ለምን የግብርና መሥሪያ ቤት? ለምን ሌላ አካል አይለካም? መልሱ ያለው ብክለቱ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ወተትን እንውሰድ። ላም ጡቷ ታምሞ መድኃኒት ከተሰጣት፣ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ወተቷ ለሽያጭ መቅረብ የለበትም። በአሜሪካ እያንዳንዱ የወተት ቦቴ ፋብሪካ ደርሶ ከመገልበጡ በፊት ለአንቲባዮቲክ ቅሪት ይመረመራል። ሾፌሩ ከየእርሻው ሲቀዳ የየእርሻውን ናሙና ለይቶ ይይዛል፤ ቦቴው ከተበከለ ወተቱ በሙሉ ይጣላል፣ የማን ወተት እንደበከለውም ከናሙናው ይታወቃል፤ ኪሳራው ወደዚያ ገበሬ ይዞራል። የብዙ ግዛቶች የግብርና መሥሪያ ቤት የሚያየው ይህንን ሰንሰለት ነው። በቅርብ ዓመታት ከ10,000 ቦቴ አንድ ያህሉ ብቻ ነው ችግር የሚገኝበት። ያንን ቁጥር ያመጣው ቅጣቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ገበሬው መድኃኒቱን መቼ እንደሰጠ መዝግቦ እንዲይዝና የታከመችውን ላም ለይቶ እንዲያልብ የተማረበት የብዙ ዓመት ሥራም አለበት። ተቆጣጣሪውም መምህሩም ላሚቱን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የአፍላቶክሲን ጉዳይ ነው። አፍላቶክሲን በሙቀትና በድርቅ ወቅት በበቆሎ፣ በኦቾሎኒና በሌሎች የቅባት እህሎች ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ነው። በብዛት ለዓመታት ከተበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ላም የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። በ2012 የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ በከባድ ድርቅ ሲመታ፣ የአይዋ ግዛት የግብርና መሥሪያ ቤት ወደ ፋብሪካ የሚገባ ወተት ሁሉ ለአፍላቶክሲን እንዲመረመር ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ አዘዘ። ሰው እስኪታመም አልጠበቀም፤ በዚህ መርዝ የሚመጣ ካንሰር የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ጥበቃውም ትርጉም አይኖረውም ነበር። ድርቁን አይቶ በቆሎው ላይ ምን እንደሚበቅል የገመተ አካል ነው ትእዛዙን የሰጠው። የተበከለው በቆሎ ደግሞ በሙሉ እንዲቃጠል አልተደረገም። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት ለወተት ላም የሚሰጥ መኖ ከቢሊዮን 20 እጅ በላይ አፍላቶክሲን እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ለእርድ ለሚደልብ ከብት ግን እስከ 300 እጅ የደረሰ በቆሎ ሊሰጥ ይችላል። ገበሬው የዓመት ምርቱን በሙሉ እንደሚያጣ ካወቀ ይደብቃል፤ በሕጋዊ መንገድ ወዴት ሊሸጠው እንደሚችል ከተነገረው ግን ለማስመርመር ራሱ ይመጣል። እህልን፣ ከብትንና ገበያን አንድ ላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን አሁን ነው የሚመጣው። «የግዛቱን ምርት የሚያስተዋውቅ፣ ገበሬው እንዲያተርፍለት የሚመኝ መሥሪያ ቤት የራሱን ምርት እንዴት ይከሳል? ሽያጭና ዳኝነት በአንድ ቢሮ ሊቀመጡ አይገባም» ይላሉ ተቺዎች። ክሱ ቀላል አይደለም። ጆርጂያ በኦቾሎኒ ምርት በአሜሪካ ቀዳሚ ግዛት ናት፤ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊም በሕዝብ ምርጫ ነው ሥልጣን የሚይዘው፤ ይህ ደግሞ ከአምራቹ ወገን ጫና ሊያስከትል እንደሚችል አልክድም። ሚኒሶታ ውስጥ ግን ኃላፊውን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው። ይሁንና «ሥልጣኑን ከግብርና ወስዳችሁ ለጤና ስጡት» የሚለውን መድኃኒት ስንመረምር፣ ያው የኦቾሎኒ ኩባንያ ራሱ መልስ ይሰጠናል። ኩባንያው በቴክሳስ፣ ፕሌይንቪው በሚባል ከተማ ሌላ ፋብሪካ ነበረው። በቴክሳስ የምግብ ፋብሪካዎችን የሚቆጣጠረው የጤና መሥሪያ ቤቱ ነው። ያ ፋብሪካ ከ2005 ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ያለ ፈቃድ ሠርቷል፤ ወረርሽኙ እስኪፈነዳ ድረስም በጤና ተቆጣጣሪ አልታየም። በፌብሩዋሪ 2009 ሲፈተሽ ከማምረቻው በላይ ባለው ክፍት ቦታ የሞቱ አይጦችና የአይጥ ኩስ ተገኙ። ስለዚህ የበሩ ላይ ስም ሲቀየር ቁጥጥሩ በራሱ አይሻሻልም። የሚያዋጣው ሚኒሶታ ያደረገችው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሽተኛውን የሚያገኘው ጤና፣ ምንጩን የሚያሳድደው ግብርና፤ ሁለቱ ደግሞ መረጃ ሳይሰስቱ ተቀባብለው ይሠራሉ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥም ምርት የሚያስተዋውቀው ክፍል በላቦራቶሪው ውጤት ላይ እጁን የሚያስገባበት መንገድ መዘጋት አለበት። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ደግሞ ሊደብቅ የሚያስብ ኃላፊ እንኳ የሚደብቅበት ቦታ ያጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ኩባንያዎች ስማቸውን ስለሚፈሩ ራሳቸውን ይቆጣጠራሉ፤ ገዢዎቻቸውም የግል መርማሪ ይልካሉ፤ መንግሥት ምን ያገባዋል?» የሚል ነው። የብሌክሊው ፋብሪካ በ2008 ኩባንያው ራሱ ከከፈለው የግል መርማሪ «እጅግ የላቀ» የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ብቸኛ አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። በ2011 በኮሎራዶ ግዛት ከአንድ እርሻ የወጣ ጣፋጭ ሐብሐብ መሰል ፍሬ፣ ካንታሎፕ የሚባለው፣ ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ ተበክሎ 33 ሰዎች ሞቱ። እርሻው ለሌላ ሰብል የተሠራ ያገለገለ የማጠቢያ መሣሪያ ገጥሞ፣ ፍሬውን ክሎሪን በሌለው ውኃ ያጥብ ነበር። ወረርሽኙ ከመታወቁ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የግል መርማሪ ጎብኝቶት ከ100 96 ነጥብ ሰጥቶታል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ግን አልረገጠውም። ደመወዙን ከሚመረመረው አካል የሚቀበል መርማሪ ለገዢው ሰው ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ በፍርድ ቤት ቢሆን እንዲህ ያለ ዳኛ ከችሎት ይነሣ ነበር።

«ደንቡ ለትልቁ ይመቻል፣ ትንሹን ገበሬ ግን ያጠፋል» የሚለው ሦስተኛው ቅሬታ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ይነካል፤ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ታይቷልና። ነገር ግን ከኮሎራዶው አደጋ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ሮኪ ፎርድ በሚባለው ሥፍራ በካንታሎፕ ስም ያተረፉ ገበሬዎች አሉ። ከተበከለው እርሻ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ምርታቸው አልተበከለም። ገዢው ግን መለየት አልቻለም፤ ገበያቸው ወደቀ። ባልሠሩት ጥፋት ከሰሩ፤ በመጨረሻም ማኅበር አቋቁመው የደኅንነት ደረጃቸውን ራሳቸው ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ቁጥጥር ሲጠፋ የሚጎዳው ንጹሑም ገበሬ ነው። በጃንዋሪ 2011 የተፈረመው የፌዴራሉ የምግብ ደኅንነት ሕግ በእርሻ ላይ የሚደረገውን ቁጥጥር በአብዛኛው በግዛት የግብርና መሥሪያ ቤቶች እጅ እንዲሠራ መንገድ ከፍቷል፤ በጣም ትንንሽ እርሻዎችን ከግዴታው ውጭ አድርጓል። በትልልቅ እርሻዎች መደበኛው ፍተሻ የተጀመረው በ2019 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የግዛቶቹ ባለሙያዎች ቅጣት የሌለበት የዝግጁነት ጉብኝት ያደርጉ ነበር፤ ገበሬው ፈቅዶ ይጠራቸዋል፣ የመስኖ ውኃውን፣ የማጠቢያ ቦታውንና የሠራተኞቹን የእጅ መታጠቢያ አብረው ያያሉ፣ ምን ማስተካከል እንዳለበት ይነጋገራሉ። ሕጉን ከማስከበር በፊት ማስተማር ትንሹን ገበሬ ከጥፋት ያድናል፤ ይህንን ደግሞ ከገበሬው ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው መሥሪያ ቤት ካልሆነ ሌላው ሊያደርገው አይችልም።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ፤ ይህ ጉዳይ እኛንም በቀጥታ የሚነካ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ የተደረገና በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ከአፍላቶክሲን የሚመጣው መርዝ ተገኝቶባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደውን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ የአሜሪካን ወሰን፣ ማለትም ከዚያ በ10 እጥፍ የላላውን 0.5 ማይክሮግራም፣ እንኳ አልፈዋል። ጥናቱ መነሻውን ሲፈልግ ያገኘው በመኖው ውስጥ ነው፤ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ላይ ብክለቱ ከፍተኛ ነበር። ይህንን የሰማች እናት ለልጇ ወተት መስጠት ታቁም ማለት አይደለም፤ ለሕፃን የወተት ጥቅም ትልቅ ነው፤ ከወተት መራቅም የራሱ ጉዳት አለው። ነገር ግን ወተቱ ከተማ ሱቅ ከደረሰ በኋላ ማንም ተቆጣጣሪ መርዙን ከውስጡ ሊያወጣው አይችልም። መፍትሔው ያለው ዘይት መጭመቂያው ጋ፣ የፋጉሎው መጋዘን ጋ፣ ኑጉ የደረቀበት አውድማ ጋ ነው። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፋብሪካንና ገበያን ይቆጣጠራል፤ ወደ አውድማውና ወደ በረቱ የሚደርሰው ግን የግብርናው መዋቅር ነው፤ በየቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ አለው።

«ላቦራቶሪ ውድ ነው፣ የእኛ ሀገር አይችለውም» የሚለውን ስጋት አውቀዋለሁ። የአይዋን አሠራር ሙሉ በሙሉ እንቅዳ ብሎ መነሣት ስሕተት ይሆናል፤ እያንዳንዱን የወተት ጣሳ መመርመር አንችልም፤ ብዙው ወተታችን ደግሞ ፋብሪካ ሳይደርስ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው የሚሸጠው። ነገር ግን መኖው እንደ ወተቱ አልተበታተነም። ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያዎች ይወጣል፣ በነጋዴዎች በኩል ያልፋል፤ የሚለካባቸው ቦታዎች ከወተት ሻጮች ይልቅ በጣም ጥቂት ናቸው። በመስክ ላይ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጡ የአፍላቶክሲን መመርመሪያዎችም በዓለም ገበያ ላይ አሉ። አንድ የክልል ግብርና ቢሮ ከዘይት መጭመቂያዎች በየጊዜው ናሙና ቢወስድ፣ ውጤቱን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢያካፍል፣ ከወሰን ያለፈውን ፋጉሎ ከወተት ላሞች አርቆ ለእርድ ወደሚደልቡ ከብቶች እንዲሄድ ቢመራ፣ ወሰኑንም በጥናት ላይ ተመሥርቶ ቢያስቀምጥ፣ የመጭመቂያው ባለቤት ንብረቱ አይወድምበትም፣ የወተት ላም አርቢውም የሚገዛውን መኖ ያውቃል። እስከዚያው ድረስ ላም የምታረቡ አድማጮቻችን ፋጉሎን ከእርጥበት አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጡ፤ የሻገተውን ለምታለብ ላም አትስጡ፤ ስትገዙም መቼ እንደተጨመቀና የት ተከማችቶ እንደቆየ ሻጩን ጠይቁ፤ የቀበሌያችሁን የግብርና ልማት ሠራተኛም መኖ የሚመረመርበት ቦታ የት እንዳለ ጠይቁት።